የሕፃናት መምህር የሚሠለጥንበት ትምህርት የገበሬ ማኅበራትም ጉዳይ ነው

ፊደል የቆጠረ ሁሉ ፊደል ማስቆጠር ይችላል የሚለው አስተሳሰብ በገጠሩ አካባቢ ገና አልጠፋም። በአንዳንድ ቀበሌ ለዜሮ ክፍል ሕፃናት ረዳት ሲፈለግ በቅድሚያ የምትታሰበው ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ በማጣት ቤት የተቀመጠች ልጅ ናት። ልጅቱ ትጉህ ልትሆን ትችላለች፤ ዳሩ ግን የስድስት ዓመት ሕፃን እንዴት እንደሚማር ያሳያት የለም።

ጉዳቱ የሚታወቀው ዓመቱ ሲያልቅ ነው። ሕፃኑ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ይወጣዋል፤ «ቡ»ን ከመካከል ነጥለው ሲያሳዩት ግን እንደገና ከ«ሀ» ካልጀመረ አይለየውም። የጥንቶቹ የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነበር ከ«ሀ ሁ» ቀጥለው የፊደሉን ተራ የሚያፋልሰውን አቡጊዳን የሚያስቆጥሩት። ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አይገኝም። በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች የሚሰጡት የሕፃናት ሥነ ልቦና፣ የማስተማር ዘዴና የመርጃ መሣሪያ አዘገጃጀት ዓላማቸው ይኸው ነው፤ ይኸውም መደመርን በባቄላና በጠጠር ማስያዝ፣ የበዛ ተማሪ ያለበትን ክፍል በቡድን ከፍሎ መምራት፣ ዝም ያለውን ልጅ ከገባው ልጅ መለየት ነው።

ቀደም ሲል ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት በማሠልጠኛ ተቋም አንድ ዓመት መማር ይበቃ ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በተደረገው ማሻሻያ በትምህርት ቤት ተገኝቶ የመለማመዱ ድርሻ ከፍ ብሏል። ይሁን እንጂ እጩ መምህሩ ብዙውን ጊዜ የሚለማመደው ለኮሌጁ በሚቀርብ የከተማ ትምህርት ቤት ነው። ገጠር እንዳይላክ ማደሪያና ቀለብ ያስቸግራል። ወይፈን ከነባር በሬ ጋር ተጠምዶ እርሻ የሚለምደው በማሳ ላይ እንጂ በግቢ ውስጥ አለመሆኑን ለገበሬ መንገር አያሻም።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ገበሬው የመማሪያ ዳስ ጥሏል፤ ለአስተማሪዎቹም ማደሪያ ፈልጓል። ዛሬም ሁለት ወይም ሦስት እጩ መምህራንን ለጥቂት ሳምንታት ማስተናገድ ከአቅም በላይ አይሆንም። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተመካክረው ቤቱን ካዘጋጁ በኋላ ኮሌጁን ቢጠይቁ ጥያቄያቸው ክብደት ይኖረዋል።

የረዳቷ ነገር ግን ይበልጥ ያሳስባል። ኮሌጆች በሥራ ላይ ላሉ አስተማሪዎች ትምህርት የሚሰጡት በአብዛኛው በክረምት ነው፤ ክረምት ደግሞ የእርሻና የአረም ወቅት ነው። ወላጆቿ «ማን ያርምልን?» ብለው ቢያስቀሯት አይፈረድባቸውም። ስለዚህ መሪዎች ለሥልጠና ስሟን ሲያስመዘግቡ የቤተሰቧ ማሳ በደቦ የሚታረምበትን ቀን አብረው መቁረጥ አለባቸው። ምርጫው በዝምድና ሳይሆን በችሎታ ከተደረገ ደግሞ ደቦውን የሚያጉረመርምበት ሰው አይበዛም።