የጠፋው ጽሑፍ የት ገባ?



«መምህር፣ የሠራሁት ጠፋብኝ» የምትለው ቃል በመምህራን ዘንድ ብዙም አትታመንም። ቀድሞ ደብተሩ ታክሲ ላይ ይረሳ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ስልክ ላይ የተጻፈው ተሰወረ ይባላል። ሰበብ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን አንክድም። ይሁንና እውነቱን የተናገረ ልጅ ውሸታም ተብሎ ሲቀጣ የሚደርስበት በደል ቀላል አይደለም። በዚህ ምክንያት በዛሬው ዝግጅታችን በኢንተርኔት የሚጻፍ ሥራ ሲጠፋ ምን ማድረግ እንደሚገባ ልናወጋችሁ ወደድን።

እኛ በምንኖርበት በመካኒሳ አቦ፣ እንደ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ሠፈሮች፣ አንድ ስልክ ለሁለትና ለሦስት ልጆች የሚያገለግልበት ቤት ጥቂት አይደለም። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሁለት ሳምንት ሥራዋን በጉግል ዶክስ ጽፋ በማስረከቢያው ዋዜማ ብትከፍተው የጽሑፎቿ ዝርዝር ባዶ ሆኖ ጠበቃት። እናት «ስልኩን የነካካኸው አንተ ነህ» ብለው ታናሽ ወንድሟን ተቆጡት፤ ልጁም አለቀሰ። ሲጣራ ግን የጠፋ ነገር አልነበረም። ስልኩ የተከፈተው በታላቅ ወንድሟ የኢሜይል አድራሻ ነበር። በራሷ አድራሻ ስትገባ ሥራዋን አንድ ቃል ሳይጎድል አገኘችው።

ለምን እንዲህ ሆነ? እንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ በዋናነት የሚቀመጠው በኩባንያው ኮምፒውተሮች ውስጥ እንጂ በስልካችን አይደለም። ስልኩ በር ነው፤ የኢሜይል አድራሻውና የይለፍ ቃሉ ቁልፍ ናቸው። በሌላ ሰው ቁልፍ የገባ የሌላውን ሰው ክፍል ያያል።

እንግዲህ ሥራው የጠፋበት ሰው በቅድሚያ እጁን ይሰብስብ። መተግበሪያውን አያጥፋ፣ ስልኩንም «አያጽዳ»። ኔትወርክ በሌለበት የተጻፈ ነገር ወደ ኩባንያው እስኪደርስ ድረስ ያለው በዚያው መሣሪያ ላይ ብቻ ነው። በድንጋጤ መተግበሪያውን ያጠፋ ሰው ሊተርፍ የሚችለውን ሥራ በገዛ እጁ ያጠፋል። ኔትወርክ ባለበት ከፍቶ ጥቂት መጠበቅ ይሻላል።

ቀጥሎ የተከፈተው የማን አድራሻ እንደሆነ ይመልከት። አድራሻው የራሱ ከሆነ፣ በጽሑፉ ውስጥ የማይረሳትን አንዲት ቃል በጉግል ድራይቭ መፈለጊያ ላይ ይጻፍ፤ ርእስ ያልተሰጠው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ይገኛል። ካልተገኘ ወደ ቆሻሻ መጣያው ይሂድ። የተሰረዘ ጽሑፍ እዚያ 30 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ይወገዳል። ስለዚህ ዛሬ ነገ ማለት አይገባም።

ጽሑፉ እያለ ውስጡ ተቆርጦ ወይም ተበላሽቶ ቢገኝስ? ኮምፒውተር ላይ «ፋይል» ከሚለው ሥር «ቨርዥን ሂስትሪ» የሚባል አለ። የጽሑፉ የቀድሞ መልኮች ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው በዚያ ተደርድረዋል። ከመካከላቸው ደህነኛውን መርጦ መመለስ ይቻላል፤ ይህን ማድረግ የኋለኛውን ጽሑፍ ስለማያጠፋው የሚያስፈራ ነገር የለውም። ነገር ግን ይህን መዝገብ ማየት የሚችለው በጽሑፉ ላይ የማረም ፈቃድ ያለው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ለሥራ ባልደረቦቻችን ለመምህራን አንድ ቃል አለን። ይህ መዝገብ ምስክርም ነው። «ሠርቼ ነበር» የሚል ተማሪ ሲመጣ ከመፍረዳችን በፊት አብረነው ብናየው በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደጻፈ ይታያል። ያልሠራም ከሆነ እውነቱ ያለ ጭቅጭቅ ይወጣል።

በአገራችን ደግሞ ኔትወርክ ራሱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ነበር። በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ ነበር። ሥራውን ሁሉ በአንድ በር በኩል ብቻ ያስቀመጠ ሰው በሩ ሲዘጋ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ አንዱ ቅጂ በስልኩ ወይም በፍላሽ ላይ ይኑር፤ ሌላው ለራስ በቴሌግራም ይላክ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ የሚጽፍም አድራሻውን ዘግቶ ይውጣ። ለሁለት ዓመት ያልተከፈተን የግል አድራሻ ጉግል ከነይዘቱ ሊሰርዘው እንደሚችልም አይዘንጋ።

በዚህ አጋጣሚ ከመድረሳ የምናውቀውን አንድ ታሪክ እናንሳ። ኢማም አል-ገዛሊ ረሒመሁላህ በወጣትነታቸው ከጁርጃን ወደ ጡስ ሲመለሱ ሽፍቶች የትምህርት ማስታወሻቸውን ከነከረጢቱ ወሰዱባቸው። የሽፍቶቹን አለቃ ተከትለው ማስታወሻው እንዲመለስላቸው ለመኑት። አለቃውም ሳቀ፤ ከረጢቱ ሲወሰድ አብሮ የሚሄድ ከሆነ ይህ ምን ዓይነት ዕውቀት ነው ሲል ጠየቃቸውና መለሰላቸው። እርሳቸውም ቃሉን እንደ ምክር ወስደው ሦስት ዓመት ያንኑ ማስታወሻ በቃላቸው ሲያጠኑ እንደቆዩ ይተረካል።

ይህ ለዛሬው ተማሪም ይሠራል። ፍለጋው ሁሉ አልሳካ ቢል እንኳ አስቦና ገብቶት የጻፈ ልጅ ሐሳቡን መልሶ ሊጽፈው ይችላል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አጥሮና ጠርቶ የሚወጣበት ጊዜም አለ። ከሌላ ሰው የገለበጠ ግን ወረቀቱ ሲጠፋ ሁሉም ነገር ይጠፋበታል።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ «ሥራዬ ጠፋ» ብሎ ሲመጣ ጥፋተኛ ከመፈለጋችሁ በፊት አብራችሁት ጽሑፉን ፈልጉ። የተገኘ ጽሑፍ በሰዓት ውስጥ ተስተካክሎ ይረከባል፤ በወንድማማች መካከል የተጣለ ጥርጣሬ ግን ቶሎ አይነሣም። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን አድራሻ አውጡለት፤ የይለፍ ቃሉንም በደብተር ጽፋችሁ ከቤት ሰነዶች ጋር አኑሩት።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።