ሚዛን በሬ አያደልብም

በ2014 የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሆኑ። ከአንድ ሺህ በሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላለፈም። ቁጥሩ ከፍ አለ በተባለበት በ2017 እንኳ ያለፉት 8.4 በመቶ ናቸው። በየቤቱ የተሰማው ፍርድ ግን አንድ ነው፦ «የዘመኑ ልጅ ሰነፍ ነው!»

እንዴት ተደርጎ ነው አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ሰነፍ የሚሆነው? ይህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው!

ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ መደረጉና ኩረጃ መገታቱ መልካም ነው። በስርቆት የመጣ ውጤት ለባለቤቱም አይበጅም። ይሁን እንጂ ሚዛን የበሬውን ክብደት ይናገራል እንጂ በሬውን አያደልብም።

መጋቢውስ ማን ነው? ለዓመታት የአሥረኛ ክፍል ውጤቱ ለመሰናዶ ያልበቃ ወጣት ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ይላክ ነበር። በሌላ ሙያ ያልተሳካለት ሁሉ አስተማሪ ይሁን ተባለ ማለት ነው። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገባና መምህሩ ቴሌቪዥን ከፋች ሆነ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ጠፋ። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋው ግን ለተማሪውም፣ ብዙ ጊዜ ለመምህሩም አልተፈታም።

እኔ በቀራሁበት መድረሳ ኡስታዛችን ዱላ ያበዙ ነበር፤ ይህን አላወድስም። ነገር ግን የእያንዳንዳችንን ደርስ ለየብቻ ያዳምጡ ነበር። ማን የት ላይ እንደተሰናከለ በዕለቱ ያውቁታል፣ በዕለቱም ያቃኑታል። ስድሳና ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ግን ሦስተኛ ክፍል ላይ የተሰናከለውን ልጅ ማን ያየዋል? መውደቁን የምንሰማው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ነው!

ወላጆች ሆይ! እኛም ከጥፋቱ ነፃ አይደለንም። በቅርቡ አንድ የጎረቤት ልጅ ሒሳብ ላስረዳው ብዬ ቁጭ አልኩ። ስሌቱን አሳየሁትና «ለምን እንዲህ የሆነ ይመስልሃል?» አልኩት። «ኡስታዝ፣ ለምን የሚለው ፈተና ላይ አይመጣም» አለኝ። እናቱም ከጓዳ ሆነው «መልሱን ብቻ ንገሩት፣ ነገ ፈተና አለበት» አሉ። ታዲያ ልጁ መጠየቅን ከየት ይማረው?

መንግሥት ለማሠልጠኛው ጎበዙን ወጣት ይምረጥ፤ ደመወዙንና ክብሩንም አይንፈገው። ጥሩ መምህር ከሁሉ በፊት ለአንደኛ ክፍል ይሰጥ። እኛም «ስንተኛ ወጣህ?» ማለቱን እንተውና «ዛሬ ምን ጠየቅህ? ያልገባህስ ምንድን ነው?» እንበል። ፈተና ሳይደርስ ትምህርት ቤት ሄደን መምህሩን እናነጋግር።

ልጆቻችን አማና ናቸው። በአማና የምንጠየቀው እኛ ነን እንጂ ፈተናው አይደለም።