ለከብቱ የደረሰ ክትባት ለሕፃኑም ይድረስ

የተከበራችሁ የከተማ መራጮች፦

ይህ ጽሑፍ ለሰፈራችሁ አዲስ ክሊኒክ ወይም ርካሽ መድኃኒት ቃል አይገባም። እንዲያውም ከአገሪቱ የጤና በጀት ከፍ ያለ ድርሻ ከከተማ ርቀው ለሚኖሩት የአፋር፣ የሶማሌ፣ የቦረናና የደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች እንዲውል ፈቃዳችሁን ይጠይቃል። ፓርቲያችን ይህን ከምርጫ በፊት በግልጽ መናገሩ ግዴታው ነው ብሎ ያምናል።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ የልዩነቱን ስፋት ያሳያል። በአዲስ አበባ ከ100 ወሊዶች 97ቱ በጤና ተቋም ሲፈጸሙ በአፋር ግን 15ቱ ብቻ ነበሩ። መሠረታዊ ክትባቶችን አሟልተው የወሰዱ ሕፃናት በአዲስ አበባ 89 በመቶ፣ በአፋር 15 በመቶ ነበሩ። ከጥናቱ በፊት በነበሩት 10 ዓመታት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱት በአዲስ አበባ 39፣ በአፋር 125 ናቸው። አንድ ሕገ መንግሥት፣ አንድ የጤና ሚኒስቴር ባለበት አገር የሕፃን ዕድሜ በተወለደበት ቦታ ሲወሰን ዝም ብሎ ማየት ይገባልን?

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በደጋው ገጠር ብዙ ሕይወት ማትረፉን አንክድም። መልካም ሥራን መካድ የፓርቲያችን ባህል አይደለም። ሆኖም ፕሮግራሙ የተቀረጸው ቋሚ ጎጆ ላለው ገበሬ ነው። አንድ ጤና ኬላና ሁለት ሠራተኞች ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያገለግላሉ ተብሎ ታሰበ። አርብቶ አደሩ ግን ውኃና ግጦሽ ተከትሎ ሲንቀሳቀስ ኬላው ባለበት ይቀራል። በሪፖርት ላይ «ሽፋኑ ተሟልቷል» ይባላል፤ እናቲቱ ግን በምጥ ሰዓት ከኬላው የብዙ ሰዓት መንገድ ርቃ ትገኛለች።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የመንደር ማሰባሰብ ዘመቻም ይህንኑ ችግር በተገላቢጦሽ ሊፈታ ሞከረ፤ አገልግሎቱን ወደ ሰው በመውሰድ ፋንታ ሰውን ወደ አገልግሎቱ መሰብሰብን መረጠ። ፓርቲያችን ሕክምና የሰፈራ ማባበያ ሊሆን አይገባም ብሎ ያምናል። መስፈር የሚፈልግ ይስፈር፤ ከከብቱ ጋር የሚጓዝም ዜጋ ነው።

«ተበታትኖ የሚኖርን ሕዝብ እንዴት መድረስ ይቻላል?» የሚሉ አሉ። መልሱ ከራሳችን ታሪክ ይገኛል። «ደስታ» የሚባለው የከብት ወረርሽኝ በምኒልክ ዘመን የደጋውንም የቆላውንም ከብት ፈጅቶ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረሃብ አምጥቷል። ከዚያ በኋላ በመኪና የሚመጡ የክትባት ዘመቻዎች ለብዙ ዓመታት ቢካሄዱም በሽታውን ከአፋር በረሃ መንቀል አልቻሉም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን አሠራሩ ተለወጠ። ከማኅበረሰቡ የተመረጡ አፋሮች ሠልጥነው፣ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ይዘው ከመንጋው ጋር በእግር ተጓዙ። የመጨረሻው የደስታ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ የታየው በ1988 ዓ.ም. ነው። በ2003 ዓ.ም. ዓለም በሙሉ ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወጀ።

እንግዲህ ለጊደሯ የተደረሰበት በረሃ ለሕፃኑ አይደረስበትም ማለት እንዴት ይቻላል? እርግጥ ነው፣ የሕፃናት ክትባት ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ሥራው ከከብቱ ይከብዳል። ነገር ግን በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማቀዝቀዣና በትከሻ የሚያዝ የበረዶ ሣጥን ዛሬ አለ። የጎደለው አገልግሎቱን ሕዝቡ ወዳለበት ለመውሰድ የመወሰን ፈቃደኝነት ነው።

ስለሆነም ፓርቲያችን ቢመረጥ የሚከተሉትን ይፈጽማል፦

1ኛ. ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድኖችን ከውጭ እርዳታ ጥገኝነት አውጥቶ በቋሚ የመንግሥት በጀት ያስተዳድራል። የአሜሪካ መንግሥት በ2017 ዓ.ም. እርዳታውን ድንገት ሲያቋርጥ ደመወዛቸው በእርዳታ ይከፈል የነበረ የጤና ባለሙያዎች ከሥራ መውጣታቸው በቂ ትምህርት ነው።

2ኛ. ማኅበረሰቡ ራሱ የሚመርጣቸውን፣ ቋንቋውንና የጉዞ መስመሩን የሚያውቁ ሴቶችና ወንዶች አሠልጥኖ በደመወዝ ይቀጥራል። አፋር ወሬ የሚለዋወጥበት «ዳጉ» የወረርሽኝን ዜና ፈጥኖ ያደርሳል፤ ጤና ቢሮ ሊሰማውና ሊጠቀምበት ይገባል።

3ኛ. የጤናና የግብርና መሥሪያ ቤቶች አብረው አቅደው፣ በአንድ የውኃ ጉድጓድ፣ በአንድ ቀን ከብቱንም ሕፃኑንም ይከትባሉ። ነዳጅና መኪናም ይቆጥባሉ።

4ኛ. በወረዳ ጤና ጣቢያዎች አዋላጅ ነርስ፣ አምቡላንስና የነፍሰ ጡር እናቶች ማቆያ እንዲኖር ያደርጋል።

5ኛ. ስንት ኬላ እንደተሠራ ሳይሆን ስንት ሕፃን እንደተከተበና ስንት እናት በሰላም እንደተገላገለች በየወረዳው ተቆጥሮ በየዓመቱ ለምክር ቤትና ለሕዝብ ይፋ ይሆናል።

ይህ ሥራ ለአንድ ሰው የሚያስወጣው ገንዘብ ከከተማው እንደሚበልጥ አንደብቅም። ይሁን እንጂ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 89 በዕድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ሕዝቦች መንግሥት ልዩ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። ጉዳዩም የእናንተ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ነዳጅና ሸቀጥ የሚያልፈው በሚሌና በገዋኔ፣ በአፋር ምድር ነው፤ የበዓል በሬና በግም ከቆላ ጭምር ይነዳል። በሽታም ይጓዛል። በ2005 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ፖሊዮ ሲከሰት ክትባቱ በጠረፍ ቀበሌዎች ብቻ አልተወሰነም፤ የብዙ ሥፍራ ልጆች ተከትበዋል። በጠረፍ ያልተከተበ ሕፃን የከተማውንም ልጅ ለአደጋ ያጋልጣል።

ክቡራን መራጮች! አርብቶ አደሩ አቤቱታውን ይዞ ከቢሮ ደጅ የሚሰለፍበት ዕድል የለውም፤ እናንተ አላችሁ። ዕጩዎች፣ የእኛም ጭምር፣ ድምፅ ፍለጋ ወደ ሰፈራችሁ ሲመጡ «ለአፋር ሕፃን ምን አቅዳችኋል? በምን ገንዘብ? እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። በቂ መልስ ለሰጠው ድምፃችሁን ስጡ።