ጋዜጣ በትምህርት ክፍል

በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም»፣ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ «አዲስ ዘመን» መታተም ከጀመሩ ወዲህ፣ ጋዜጣ ይልቁን የአዋቂዎች ንባብ ሆኖ ቢቆይም፣ በመምህሩ እጅ ወደ ትምህርት ክፍል ቢገባ ለሕፃናት አእምሮ ታላቅ ረድኤት እንደሚሆን እናምናለን። የመማሪያ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ከታተመ ለብዙ ዓመት ሳይለወጥ ሲኖር፣ ጋዜጣ የሰሞኑን ነገር ይዞ ይመጣልና፣ መምህሩ የእህሉን ዋጋ ከዐምዱ ወደ ሰሌዳው ገልብጦ፣ ኩንታል ጤፍ ባለፈው ወር ከተሸጠበት ዛሬ ከመቶ ስንት እንደ ጨመረ እንዲያሰሉ ቢያዛቸው፣ እናቱ ከገበያ ስትመለስ የምታሰማውን ምሬት የሚያውቅ ልጅ የስሌቱን ምስጢር ፈጥኖ ያስተውለዋል።

ከሁሉ አብልጠን የምንመኘው ግን ዜናን ከአስተያየት መለየት እንዲለምዱ ነው፤ ስለ አንድ ነገር የጻፉ ሁለት ጋዜጦችን ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ ይህን ማን ተናገረ፣ በምን ዐወቀ፣ ምንስ ሳይጽፍ ተወ ብሎ የሚመረምር ተማሪ፣ የታተመውን ሁሉ እንደ ወንጌል ቃል አይቀበልም፤ ይህንንም ርዕሰ አንቀጽ እንዲሁ ቢመረምርልን ደስታችን ነው። ለዚህ ሥራ የትናንት ጋዜጣ ከዛሬው አያንስምና፣ መሥሪያ ቤቶች አንብበው የጨረሱትን ለዕቃ መጠቅለያ ከመስጠት ይልቅ በአቅራቢያቸው ላለው ትምህርት ቤት እንዲልኩ በትሕትና እንለምናለን።