የነጋዴው መዝገብና የኢኮኖሜትሪክስ ተማሪው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በታወጀ ጊዜ፥ ወሰን ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ሁሉ አንድ ጥያቄ ገጠመው፤ ይኸውም በመደርደሪያው ላይ ያለውን ዘይትና ሩዝ በነባሩ ዋጋ ይሽጥ፥ ወይስ ተተኪው ዕቃ በሚገዛበት ዋጋ የሚል ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንዳንዱ ነጋዴ በግምት ጨመረ፤ አንዳንዱ ጎረቤቱን አይቶ ጨመረ፤ አንዳንዱም ሳይጨምር ሸጦ ዕቃውን መተካት አቃተው። ያላግባብ ዋጋ ጨምረዋል ተብለው የታሸጉ ሱቆችም ነበሩ።

የብር መውረድ በስንት ወር ውስጥና በምን ያህል መጠን ወደ ሱቅ ዋጋ እንደሚደርስ መርምሮ የሚገምት ዕውቀት አለ፤ ስሙም ኢኮኖሜትሪክስ ይባላል። ራግናር ፍሪሽና ያን ቲንበርገን በዚሁ ሙያ እ.ኤ.አ. በ1969 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። በአገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ማስተርስ የሚያጠኑ ወጣቶች ይማሩታል።

የትምህርቱ የመጀመሪያ ጥቅም ከስሕተት መጠበቁ ነው። በክረምት ጤፍ ይወደዳል፤ የጃንጥላ ገበያም ይደራል። ነገር ግን ጃንጥላ ጤፍን አስወደደ የሚል ነጋዴ የለም፤ ሁለቱንም ያመጣው ወቅቱ መሆኑን ያውቃልና። ዶላር፥ ነዳጅና ዘይት አብረው ሲወጡ ግን የትኛው የትኛውን እንደ ጎተተ ለመለየት ዓይን ብቻ አይበቃም። ግሬንጀርና ኒውቦልድ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳዩት፥ ከጊዜ ወደ ጊዜ ከመነሻቸው እየራቁ የሚሄዱ ሁለት የአኀዝ ረድፎች፥ ምንም ዝምድና ሳይኖራቸው የተዛመዱ መስለው ሊታዩ ይችላሉ።

ይሁን እንጂ ብልሃቱ ያለ አኀዝ ባዶ ነው። ተማሪው በቀላሉ የሚያገኘው የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣውን የዋጋ አማካይ ነው። አማካይ ደግሞ ማን በስንት ገዝቶ፥ ስንት ቀን አቆይቶ፥ በስንት እንደ ሸጠ አይናገርም። ይህ ተጽፎ የሚገኘው በነጋዴው መዝገብ ውስጥ ብቻ ነው።

ነጋዴው መዝገቡን ለመግለጥ ቢያመነታ አይፈረድበትም። ዛሬ ለተማሪ ያሳየው ሒሳብ ነገ በግብር ሰብሳቢው ወይም በተፎካካሪው ጠረጴዛ ላይ እንዳይገኝ ይሠጋል፤ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። ስለዚህ የንግድ ምክር ቤት በመካከል ቢገባ መልካም ነው፤ ይኸውም ከፈቃደኛ ነጋዴዎች መዝገብ ስምና አድራሻን አስወግዶ፥ የግዢና የሽያጭ ቀንና ዋጋን ብቻ አሰባስቦ ለዩኒቨርሲቲው እንዲያቀርብ ነው። ተማሪውም በበኩሉ የምርምሩን ውጤት በእንግሊዝኛ ጽፎ በቤተ መጻሕፍት ከማስቀመጥ አልፎ፥ ባለሱቅ በሚገባው አማርኛ አሳጥሮ ለመመለስ ግዴታ ይግባ።

ነጋዴው አኀዙን ከነፈገ፥ ስለ ነጋዴው የሚጻፈው ሁሉ ያለ ነጋዴው ይጻፋል። ዋጋ በናረ ቁጥር ጥፋተኛው እርሱ ነው በተባለ ጊዜም፥ ከጭማሪው የምንዛሪው ድርሻ ይህን ያህል፥ የማጓጓዣው ይህን ያህል፥ የትርፉ ይህን ያህል ነው ብሎ በማስረጃ የሚመልስለት አይኖርም። ያላግባብ ያተረፈውንና በሐቅ የሠራውንም ለይቶ ለማሳየት የሚቻለው በዚሁ መንገድ ነው።