የቡናው ሙዚየም ይጻፍ፣ ሕዝቡም ይመልስ

ለካፋ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ለብሔራዊ የቡና ሙዚየም
ቦንጋ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እ.ኤ.አ. በ1905 ፍሪድሪክ ቢበር የተባለ ኦስትሪያዊ ካፋ ገባ። የካፋ መንግሥት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተሸንፎ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ ገና አሥር ዓመት አልሞላም ነበር። ቢበር ያየውንና የሰማውን መዘገበ፣ ዕቃዎች ሰበሰበ፣ ወደ ቪየናም ተመለሰ። ስለ ካፋ የጻፈው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 በጀርመንኛ ታተመ። ከሰበሰባቸው ዕቃዎች ብዙዎቹ ዛሬም እዚያው ቪየና ውስጥ ናቸው።

የካፋ ታሪክ በሰፊው የተጻፈው የዴቻ ገበሬ በማያነበው ቋንቋ፣ የቦንጋ ተማሪ በማይደርስበት አገር ነው።

ቦንጋ ግን የራሷ ሙዚየም አላት። ከኢትዮጵያ ሚሌኒየም ጋር ተያይዞ የተጠነሰሰው ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ለከተማዋ ትልቅ ክብር ነው። ይሁን እንጂ ቦንጋ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሙዚየሙ በሩን ከፍቶ እንግዳ ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ያደገው፣ ለሥራ ዐረብ አገር የሄደው፣ አሜሪካ የተወለደው የካፋ ልጅ ምናልባት ዕድሜውን ሙሉ አያየውም። ስለዚህ ሙዚየሙ በማኅበራዊ ሚዲያ ለሕዝቡ ይጻፍ። በየሳምንቱ አንድ ዕቃ፣ አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ ታሪክ፣ በካፊኖኖና በአማርኛ።

ይህ የሀብታም ሙዚየሞች ቅንጦት አይደለም። በእንግሊዝ ሬዲንግ ከተማ የገጠር ኑሮን ታሪክ የሚያስጎበኝ ሙዚየም አለ። ሠራተኞቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ከመዝገብ ቤታቸው የአንድ ግዙፍ በግ አሮጌ ፎቶግራፍ አውጥተው፣ ፈገግ ከሚያሰኝ አጭር ጽሑፍ ጋር በትዊተር ለቀቁት። ስለ ሙዚየሙ ሰምተው የማያውቁ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተቀባበሉት። ብዙዎቹም ሌላ ታሪክ ፍለጋ ገጹን መከታተል ጀመሩ። ሥራው የፈለገው የቆየ ፎቶግራፍና ሰው እንደ ሰው የሚያናግር ጸሐፊ ብቻ ነበር።

የካፋ መዝገብ ከዚያ ይሰፋል። የማንኪራ ደን ቡና አለ፤ ለቀማው፣ አደራረቁ፣ አፈላሉ። ረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቀለው ቀፎና ማሩ፣ ከጫካው የሚገኙት ኮረሪማና ጥምዝ፣ ከእንሰት የሚጋገረው ቆጮ፣ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ፣ እያንዳንዱ ለወራት የሚበቃ ጽሑፍ ይወጣዋል።

አጻጻፉ ግን ወሳኝ ነው። የብዙ መሥሪያ ቤቶች የፌስቡክ ገጽ በስብሰባና በኃላፊዎች ጉብኝት ፎቶ የተሞላ ነው፤ እንዲህ ያለውን አንባቢ አይቶ ያልፈዋል። ሰው ቆሞ የሚያነበው ዕቃውን ማን እንደ ሠራው፣ በምን እንደ ሠራው፣ በማን ቤት እንደ ነበረ ሲነገረው ነው። ከጽሑፉ በታችም ጥያቄ ይኑር፦ «በእናንተ ቀበሌ ይህ ዕቃ ምን ይባላል? ለምን ያገለግል ነበር?» የጌሻው አንድ ይላል፣ የጨናው ሌላ ያክላል። የሚመጣው መልስ ከአገር ሽማግሌዎችና ከቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ተመሳክሮ፣ ከተናጋሪው ስም ጋር በቅርስ መዝገቡ ላይ ይስፈር። ያኔ ሕዝቡ ከጎብኚነት አልፎ የሙዚየሙ አስተማሪ ይሆናል።

ኢንተርኔት ለማይደርሰው ያው ጽሑፍ በአካባቢው ሬዲዮ ይነበብ፤ ታትሞም በትምህርት ቤቶች ይለጠፍ። የእምነትና የሥርዓት ዕቃዎች ግን ያለ ባለቤቶቻቸው ፈቃድ ፎቶግራፍ አይነሡ።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ለሥራው የተመደበ አንድ ባለሙያ፣ ካሜራ ያለው ስልክ፣ የኢንተርኔት ወጪ፣ ለጽሑፉ ተጠያቂ የሚሆን አርታኢና የማይታጠፍ ሳምንታዊ ቀጠሮ ይበቃሉ። አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉ ካልተጠየቁ ግን የሚያውቁት አብሯቸው ያልፋል፤ ያንን በኋላ የትኛውም በጀት አይመልሰውም።

መምሪያው ባለሙያውን በዚህ በጀት ዓመት ይመድብ። የመጀመሪያው ጽሑፍም የማንኪራን ቡና ለቃሚዎች በስማቸውና በራሳቸው አንደበት ያቅርብ።

ከአክብሮት ጋር