«ወረቀቱን ያስተካክሉለት»

ቅዳሜ ጠዋት አያት፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ካለው ሜዳ ዳር ቆሜ የታዳጊዎች ግጥሚያ እያየሁ ነበር። ሜዳ ስል ለስሙ ነው፤ ግማሹን የግንባታ አሸዋና ጠጠር ይዞታል። አጠገቤ አሰልጣኙ ለአንድ አባት እንዲህ ሲላቸው ሰማሁ፦ «ልጅዎ ጎበዝ ነው። ግን 15 ዓመቱ ነው። ከ13 በታች ቢጫወት ኖሮ በአንድ ወር ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። ወረቀቱን ያስተካክሉለት።»

አባትየው አልተቆጡም። «ስንት ያስወጣል?» ብለው ጠየቁ።

ልጁ እዚያው ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል።

ወደ ቤት ስመለስ ትዝ ያለኝ፣ አትሳቁብኝና፣ ጎልፍ ነው። አውቃለሁ፣ ጎልፍ የእኛ ሰፈር ጨዋታ አይደለም። የአዲስ አበባ ጎልፍ ሜዳ ያለው ከእኛ በተቃራኒው ጫፍ፣ በድሮው ኤርፖርት በኩል ነው። አብዛኞቻችን ሣሩን እንኳ ረግጠን አናውቅም። ግን ከዚህ ጨዋታ አንድ ነገር እቀናለሁ።

በጎልፍ ውድድር ከእያንዳንዱ ተጫዋች ኋላ ፊሽካ ይዞ የሚሮጥ ዳኛ የለም። አብሮህ የሚጫወተው ሰው ውጤትህን ይመዘግባል፤ አንተ አረጋግጠህ ትፈርማለህ። ከመታኸው አሳንሰህ ከፈረምክ ከውድድሩ ትባረራለህ። ልጆችም የሚወዳደሩት በዚሁ ሕግ ነው። የ9 ዓመት ልጅ እርሳስ ይዞ የራሱን ስህተት ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ1925 ቦቢ ጆንስ የተባለው አሜሪካዊ በአገሩ ትልቁ ውድድር ላይ ኳሷ ተንቀሳቀሰችብኝ ብሎ በራሱ ላይ አንድ ቅጣት አስቆጠረ። ሌላ ሰው አላየም ነበር። ዋንጫውንም በመጨረሻ አጣ። ሲያመሰግኑት ግን እንደ ስድብ ነው የቆጠረው፤ አልሰረቅህም ተብሎ የሚመሰገን ሰው አለ እንዴ?

ሌላም አለ። ታይገር ውድስ በ1984 የዓለም የታዳጊዎች ውድድር ሲያሸንፍ 8 ዓመቱ ነበር። ያሸነፈው ግን ከ9 እና ከ10 ዓመት ልጆች ጋር ተጫውቶ ነው። እሱን ወደ ላይ ሰደዱት፤ እኛ ልጆቻችንን ወደ ታች እናወርዳለን።

«ድህነት ነው፣ ሁሉም ያደርገዋል» ትሉኝ ይሆናል። አባትየውን አልፈርድባቸውም። ሌላው ሁሉ ሲቀንስ የእሳቸው ልጅ ብቻ እውነቱን ይዞ ቢቀር ተጎጂው እሱ ነው የሚመስላቸው።

ግን ሂሳቡን አብረን እንሥራው። እውነተኛው የ13 ዓመት ልጅ ሁለት ዓመት በሚበልጠው ልጅ ሲገፋና ሲወድቅ ይከርማል፤ ከዚያ «ችሎታ የለኝም» ብሎ ይተወዋል። ዕድሜ የተቀነሰለትም አይጠቀምም። በጉልበት እያሸነፈ ስለሆነ ኳስ መቆጣጠርን፣ ቦታ መያዝን ለመማር የሚያስገድደው የለም። እኩዮቹ ቁመቱን በደረሱበት ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። ይህን ሁሉ ቢያልፍ እንኳ ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያስመረምራል። አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ገጥሞ ከተገኘ ዕድሜው አልፏል ማለት ነው። ወረዳ ያመነውን ወረቀት አጥንት አያምነውም።

እኔ የምለው ቀላል ነው። የሰፈር ውድድር አዘጋጆች ልጆችን በልደት ወረቀት ሳይሆን በትምህርት ክፍላቸውና በቁመታቸው መድቡ። ከ13 በታች ላሉት ዋንጫውን ተዉት። አሰልጣኙን «ስንት ዋንጫ በላህ?» ከምንለው «ከዓምናዎቹ ልጆች ስንቱ ዘንድሮም እየተጫወተ ነው?» እንበለው። በሳምንት አንድ ጨዋታ ደግሞ ያለ ዳኛ ይሁን፤ በእጁ የነካ ራሱ «ነካሁ» ይበል። መጀመሪያ ይጨቃጨቃሉ። ይጨቃጨቁ፤ መማር ማለት እሱ ነው።

ያ ልጅ ክሩን አስሮ ሲነሳ ወደ አባቱ ቀና ብሎ አየ። የሰማው ስለ ወረቀት ብቻ አይመስለኝም። «እንደሆንከው አትበቃም» የሚል ነው የሰማው። የዘንድሮውን ዋንጫ ቢያነሳ እንኳ ይህን ከጆሮው ማን ያወጣለታል?